ቤትናል ግሪን፦ ሠርግና ልደት በቪክቶሪያ ዘመን ለንደን

ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠች በ11 ቀኗ፣ ጁላይ 1 ቀን 1837፣ የእንግሊዝ መንግሥት የሕዝቡን ልደት፣ ጋብቻና ሞት በራሱ መዝገብ ማስፈር ጀመረ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት ይህ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነበር። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ፣ ጎልማሳ ሲያገባ፣ ሰው ሞቶ ሲቀበር የአጥቢያው ቄስ ይጽፋል፤ ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ግን ለመንግሥት እንዳልተወለደ ነው። ጋብቻም ቢሆን ከ1754 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት፣ ከአይሁድና ከኩዌከሮች በቀር፣ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ፊት ካልተፈጸመ አይጸናም ነበር። ካቶሊኩም ባፕቲስቱም፣ ከናካቴው ቤተ ክርስቲያን የማይረግጠውም፣ ሚስቱን በሕግ ሚስቱ ለማሰኘት እዚያው መሄድ ነበረበት።

በ1836 የወጡ ሁለት ሕጎች ይህን አሠራር ቀየሩት። አንደኛው የልደትና የሞት ምዝገባን ለመንግሥት ሰጠ። ሁለተኛው በሌሎች እምነቶች ጸሎት ቤቶችም ሆነ በመዝገብ ሹም ቢሮ፣ ያለ ቄስና ያለ ጸሎት፣ መጋባትን ፈቀደ። አገሪቱ በሙሉ በመዝገብ ወረዳዎች ተከፋፈለች። ወረዳዎቹ የተካለሉት በ1834 በወጣው የድሆች መርጃ ሕግ መሠረት ነበር፤ ስለዚህ ድሆችን የሚቆጣጠረው ክልልና ልደትን የሚቆጥረው ክልል አንድ ሆነ። ከነዚህ ወረዳዎች አንዱ በምሥራቅ ለንደን የሚገኘው ቤትናል ግሪን ነው።

ቤትናል ግሪን ስፋቱ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1831 በተደረገው ቆጠራ 62,018 ሰው ይኖርበት ነበር። በ1851 ነዋሪው 90,193 ደረሰ፤ ቪክቶሪያ በሞተችበት በ1901 ደግሞ 129,680። የአካባቢው ዋና ሥራ የሐር ሽመና ነበር። ከፈረንሳይ በሃይማኖት ስደት የመጡት ሁጉኖዎች በአጎራባቹ ስፒታልፊልድስ የተከሉት ይህ ሙያ በትውልድ ብዛት ወደ ቤትናል ግሪን ተዛምቶ ነበር። ሸማኔው የሚሠራው በፋብሪካ ሳይሆን በገዛ ቤቱ ነው። ባል ይሸምናል፣ ሚስት ታግዛለች፣ ልጆች ክር ያጠነጥናሉ። በዚህ ሰፈር ጋብቻ ማለት አንድ የሥራ ቡድን ማቋቋም ነበር፤ ልጅም ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው የቡድኑ አባል ይሆናል። ከዚህ በታች የሚመጡት ቁጥሮች ሁሉ የሚነበቡት ይህ ከታሰበ ነው።

መዝጋቢው ቤት ለቤት ሲዞር (1837–1850)

የቤትናል ግሪን ወረዳ ሃክኒ ሮድ፣ ግሪን፣ ቸርች እና ታውን በሚባሉ አራት ንዑስ ወረዳዎች ተከፈለ። እያንዳንዱ የራሱ መዝጋቢ ነበረው። መዝጋቢው የሚከፈለው በጻፈው ልክ ነው፤ ብዙ ልደት ካሰፈረ ብዙ ያገኛል። ወላጆች ግን ልደቱን ራሳቸው መጥተው እንዲያስታውቁ ሕጉ በቅጣት አያስገድዳቸውም ነበር። ስለዚህ መዝጋቢው ከአዋላጅ እየጠየቀ፣ ከጎረቤት እየሰማ፣ ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። ብዙ እናቶች ልጁ ክርስትና ከተነሣ በቂ ነው ይሉ ነበር። ከ1853 ወዲህ የፈንጣጣ ክትባት ለሕፃናት ግዴታ ሲሆን ደግሞ መመዝገብ ማለት ልጁን ለክትባት አሳልፎ መስጠት እንደሆነ ያዩ ወላጆች ነበሩ። በዚህ ሁሉ የተነሣ በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ዓመታት የተጻፈው የልደት ቁጥር በእርግጥ ከተወለደው ያንስ ነበር። ጋብቻ ግን ያለ ፊርማ ስለማይፈጸም ቁጥሩ ከመጀመሪያው የታመነ ነው። ፊርማው ራሱም ይናገራል፦ በ1841 በእንግሊዝና ዌልስ ካገቡት መካከል 33 በመቶው ወንዶችና 49 በመቶው ሴቶች ስማቸውን መጻፍ ስላልቻሉ በመዝገቡ ላይ የመስቀል ምልክት አድርገው ነው የተጋቡት።

እነዚህ ወረቀቶች በየሩብ ዓመቱ እየተገለበጡ ሶመርሴት ሃውስ ወደሚገኘው ማዕከላዊ መዝገብ ቤት ይላካሉ። እዚያ የሚጠብቃቸው ዊሊያም ፋር ነበር። ፋር በ1807 ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ ሕክምና የተማረ ሰው ሲሆን ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1880 የመዝገብ ቤቱን አኃዝ ሲያጠናቅር ኖረ። ቁጥር ከየወረዳው ለየብቻ ሲመጣ አንዱ ሰፈር ከሌላው ጋር የሚነጻጸርበትን መንገድ የቀየሰው እሱ ነው፤ የልደትና የጋብቻ ምጣኔን ከሺህ ሰው እያሰላ ያወጣ ነበር።

በ1842 ኤድዊን ቻድዊክ ስለ ሠራተኛው ሕዝብ የጤና ሁኔታ ታዋቂ ሪፖርቱን አወጣ። በሪፖርቱ ቤትናል ግሪን ውስጥ የባለጸጎችና የተማሩ ሰዎች ቤተሰብ አማካይ የሞት ዕድሜ 45 ዓመት፣ የነጋዴዎች 26፣ የሠራተኞች 16 ዓመት ሆኖ ተመዘገበ። ይህ ማለት ሠራተኛው ሁሉ በ16 ዓመቱ ይሞት ነበር ማለት አይደለም። በአንድ ዓመትና በሁለት ዓመት የሚሞቱት ሕፃናት እጅግ ስለበዙ አማካዩን ጎትተው አወረዱት እንጂ ከልጅነት የተረፈው ብዙ ይኖር ነበር። ሆኖም አኃዙ አንድ ነገር ይነግረናል፦ ስድስት ልጅ የወለደች እናት ስድስት ልጅ አታሳድግም። ልደት በበዛበት ቤት ቀብርም ይበዛ ነበር።

በዚያው ዘመን የለንደኑ ጳጳስ ብሎምፊልድ ቤትናል ግሪን ውስጥ በአሥር ዓመት ጊዜ አሥር አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት አሠራ፤ አብዛኞቹም በሐዋርያት ስም ተሰየሙ። ዓላማው ሕዝቡን ወደ አምልኮ መመለስ ነበር። ሕዝቡ በእሑድ ቅዳሴ ወንበሮቹን አልሞላም። የቤትናል ግሪን ሰው ቤተ ክርስቲያንን የሚፈልገው ለሦስት ነገር ነበር፦ ለሠርግ፣ ለልጅ ክርስትና፣ እንዲሁም የወለደች ሴት ከቤት ወጥታ ወደ ሰው ከመቀላቀሏ በፊት ለምታደርገው የምስጋና ጸሎት። የእሑድ ስብከት ሰምተው የማያውቁ እናቶች ይህን የመጨረሻውን ሥርዓት ግን አጥብቀው ይጠብቁ ነበር።

የሠርግ ዋጋ (1850–1870)

የ1851ዱ ቆጠራ እያንዳንዱ ሰው ያገባ፣ ያላገባ ወይም የሞተበት መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይሄው በለንደን ጎዳናዎች እየዞረ ድሆችን ያነጋግር ነበር። በጋሪ ፍራፍሬና አትክልት ከሚያዞሩት ነጋዴዎች መካከል አብረው ከሚኖሩት ጥንዶች በሕግ የተጋቡት ቢበዛ ከአሥር አንዱ እንደሆኑ ጻፈ። ብዙ አንባቢ ይህን ሲያነብ በድሆች ምግባር ተደናገጠ። ሜይሄው ግን ቀጥሎ ያስቀመጠው ነገር አለ፦ በክላርክንዌል አጥቢያ የተጋቡት ከአምስት አንድ ናቸው፤ ምክንያቱም የዚያ አጥቢያ ቄስ በተወሰኑ በዓላት ድሆችን ያለ ክፍያ ያጋባ ነበር። ክፍያው ሲነሣ የተጋቢው ቁጥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ቤትናል ግሪን ይህን በራሱ መንገድ አረጋገጠ። በሕጉ መሠረት የሚጋቡ ሰዎች ስማቸው በሦስት እሑዶች በሚኖሩበት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ይታወጃል፤ ለአዋጁም ለሠርጉም ክፍያ አለ። ሁለቱ በተለያየ አጥቢያ ከኖሩ አዋጁ በሁለቱም ቦታ ስለሚነበብ ወጪው ይጨምራል። የቤትናል ግሪን መዝገቦች ላይ ሙሽራውና ሙሽሪት አንድ አድራሻ ሰጥተው የምናገኘው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ አብረው ስለኖሩ ብቻ አይደለም። ክፍያው ከአጥቢያ አጥቢያ ይለያያል። በቤትናል ግሪን ሮድ ላይ በጡቡ ቀለም «ቀዩ ቤተ ክርስቲያን» የሚባለው የታላቁ ቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ክፍያውን ወደ ሰባት ፔንስ ተኩል ስላወረደ በመላው ምሥራቅ ለንደን ስሙ ወጣ። ሙሽሮች ከሌላ ሰፈር እየመጡ ይጋቡበት ጀመር። ሠርጋቸውም የተቆጠረው በኖሩበት ሳይሆን በተጋቡበት ወረዳ ነው። የቤትናል ግሪንን የጋብቻ ምጣኔ በሰንጠረዥ ያየ ሰው ሰፈሩ በሠርግ የተጥለቀለቀ ይመስለዋል፤ ከቁጥሩ ከፊሉ ግን የርካሽ ቄስ ገበያ ነበር።

የሠርጉ ቀንም የኪስ ጉዳይ ነው። ሠራተኛ ሥራ ትቶ ቢያገባ የቀን ደመወዙን ያጣል፤ ሕጉም እስከ 1886 ድረስ ሠርግ ከእኩለ ቀን በፊት እንዲፈጸም ያዝዝ ነበር። ስለዚህ የምሥራቅ ለንደን ሠራተኛ በእሑድ፣ በፋሲካ ሰኞና በገና ቀን ያገባ ነበር። በገና ጠዋት ብዙ ጥንዶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተሰልፈው ይቀርባሉ፤ አንዱ ጥንድ ፈርሞ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ቄሱ ጸሎቱን ለሁሉም ባንድነት የሚያደርስበት ጊዜም ነበር። በኋላ ቀሪው ቀን ለምሳና ለመጠጥ ነፃ ነው፤ በማግሥቱ ወደ ሥራ።

ፋር ከሶመርሴት ሃውስ ሆኖ አንድ ሌላ ነገር አስተዋለ። በአገር ደረጃ የጋብቻ ቁጥር ከኑሮ ጋር ይወጣና ይወርዳል። ሥራ ሲገኝና ዳቦ ሲረክስ ወጣቶች ይጋባሉ፤ ንግድ ሲቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። የጋብቻ አኃዝ የሕዝቡን ተስፋና ሥጋት እንደ አየር ግፊት መለኪያ ያሳያል ብሎ ጻፈ። ድሃው ያለ ሐሳብ ያገባል ለሚሉት ይህ ጥሩ መልስ ነበር።

በ1860 ቤትናል ግሪን ላይ ከባድ ዱላ ወረደ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያ ዓመት የንግድ ውል ሲፈራረሙ ከፈረንሳይ በሚገባው ሐር ላይ የነበረው ቀረጥ ተነሣ። ቀድሞም እየተዳከመ የነበረው የቤት ሽመና ተንኮታኮተ። ሸማኔዎቹ ወደ ቤት ዕቃ እንጨት ሥራ፣ ወደ ጫማ፣ ወደ ልብስ ስፌት፣ ወደ ክብሪት ሣጥን ማጣበቅ ዞሩ። ሙያው ተለወጠ፤ ቤተሰብ በቤት ውስጥ ተሰብስቦ የሚሠራበት ልማድ ግን አልተለወጠም። ጠረጴዛው ላይ እናትና ልጆች ቀኑን ሙሉ ሣጥን ያጣብቃሉ፤ ለ144 ሣጥን የሚከፈለው ከሁለት ፔንስ ብዙም አይበልጥም። አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ሳይቀሩ ወረቀት ያጥፉ ነበር።

ልጅ ገቢ እንደነበር የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ምስክር ደግሞ አለ። የሕፃናትን ሥራ የመረመረው ኮሚሽን በ1866 ባወጣው ሪፖርት፣ ቤትናል ግሪን ውስጥ በየሳምንቱ ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ገበያ ይቆም እንደነበር ተመዝግቧል። የሚቀርበው ዕቃ ሳይሆን ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ወንዶችና ሴቶች ልጆች ለሐር ፋብሪካ ባለቤቶች ራሳቸውን ያከራያሉ። የሳምንቱ ክፍያ 1 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ሲሆን ይህ ለወላጆች ይሄዳል፤ ልጁ ለራሱ 2 ፔንስና ሻይ ያገኛል። እንዲህ ባለ ሰፈር ብዙ ልጅ መውለድ ዕብደት አልነበረም። ልጅ ለጥቂት ዓመት ይበላል፤ ከዚያ ያመጣል። ወላጆች በስተርጅና የሚፈሩት ደግሞ የድሆችን መጠለያ ነበር፤ እዚያ የገቡ ባልና ሚስት በተለያየ ክፍል ይቀመጡ ነበርና ጧሪ ልጅ የሌለው ሰው የትዳሩን ፍጻሜ እዚያ ያየው ነበር።

ከፍታውና መታጠፊያው (1870–1880)

1870ዎቹ በእንግሊዝ ልደት ታሪክ የተራራው ጫፍ ናቸው። በ1873 ከሺህ ሰው 17.6 ያህሉ በዚያው ዓመት አገቡ፤ ይህ በዘመኑ ከታዩት ከፍተኛ አኃዞች አንዱ ነው። በ1876 ደግሞ የልደት ምጣኔ ከሺህ 36.3 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝ ይህን አኃዝ ደግማ አላየችውም።

ከጫፉ ላይ የወረደችበትን መንገድ የጠረጉት ነገሮች በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተከታትለው መጡ። በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ በየሰፈሩ ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረገ፤ በ1880 ትምህርት እስከ አሥር ዓመት ዕድሜ በአገሪቱ ሁሉ ግዴታ ሆነ፤ የአብዛኛው ልጅ ክፍያም በ1891 ቀረ። የሰኞና የማክሰኞው የልጅ ገበያ መሠረቱ ተናጋ። ልጁ ቀኑን በትምህርት ቤት ስለሚያሳልፍ የሚያመጣው ገንዘብ ቀነሰ፤ ጫማውና ልብሱ ግን ወጪ ጨመረ። የእናትና የአባት ሒሳብ ዞረ።

በ1874 የምዝገባው ሕግ ተሻሻለ። ልደትን የማስታወቁ ግዴታ ከመዝጋቢው ወደ ወላጆች ዞረ፤ በ42 ቀን ውስጥ ካላስመዘገቡና ለመጥሪያው መልስ ካልሰጡ እስከ 40 ሺሊንግ ይቀጣሉ። ይህ የቤትናል ግሪንን መዝገብ ሙሉ አደረገው። የልደት ወረቀቱ ሌላ ጥቅምም አገኘ፦ ለአሠሪውና ለትምህርት ቤት ተቆጣጣሪው የልጁ ዕድሜ ማስረጃ እሱ ነው። ልጄ አሥር ዓመት ሞልቶታል የሚል አባት ከእንግዲህ ወረቀት ማሳየት ነበረበት።

ጁን 1877 ላይ ደግሞ ለንደን በአንድ ችሎት ተናወጠች። ቻርልስ ብራድሎና አኒ ቤዛንት የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች፣ ቻርልስ ኖውልተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ስለ እርግዝና መከላከያ የጻፈውን ቀጭን መጽሐፍ በ6 ፔንስ አሳትመው በመሸጣቸው ተከሰሱ። ክሱ ጸያፍ ጽሑፍ ማሰራጨት ነው። ፍርድ ቤቱ ስድስት ወር እሥራትና የ200 ፓውንድ መቀጫ በየነባቸው፤ በይግባኝ ግን በሥነ ሥርዓት ጉድለት ፍርዱ ተሻረ። ከሳሾች መጽሐፉን ሊያጠፉ ፈልገው በአገር ሁሉ አስተዋወቁት፦ ቀድሞ በዓመት ጥቂት መቶ ቅጂ ይሸጥ የነበረው መጽሐፍ በጥቂት ወራት ከ100,000 በላይ ተሸጠ። ቤዛንት ግን ዋጋ ከፈለች። በ1878 ፍርድ ቤት ሴት ልጇን ከእጇ ወሰደባት።

ከአሥር ዓመት በኋላ ያችው ሴት ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ብቅ አለች። በ1888 በቦው የክብሪት ፋብሪካ ሴቶች ልጆች ሥራ ሲያቆሙ ጉዳያቸውን በጋዜጣ ያወጣችው እሷ ነበረች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከታወር ሃምሌትስ ለለንደን የትምህርት ቦርድ ተመረጠች። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1887፣ ሄንሪ ኦልበት የተባለ ሐኪም ለሚስቶች የሚሆን የእርግዝና መከላከያ መምሪያ ለድሃ ሴቶች በሚመች ዋጋ ስላሳተመ ከሐኪሞች መዝገብ ተሰርዟል። በዋናነት ያስቆጣው ዋጋው ነበር፤ ተመሳሳዩን ዕውቀት ሀብታም በግል ሐኪሙ ዘንድ ያገኘዋል።

ሁለት ለንደን (1880–1900)

ከ1880ዎቹ ጀምሮ የለንደን ወረዳዎች ሁለት መንገድ ያዙ። በሰሜን ምዕራብ ኮረብታ ላይ ባለችው ሃምስቴድ፣ በምዕራብም በኬንሲንግተን፣ የልደት ምጣኔ በፍጥነት ወረደ። ቤትናል ግሪንና አጎራባቹ ሾርዲች ግን ብዙም ሳይቀንሱ ቆዩ። በዋይትቻፕልና በቤትናል ግሪን ደቡባዊ ጠርዝ ደግሞ ከ1881 ወዲህ ከሩሲያ ግዛት በስደት የመጡ አይሁድ ቤተሰቦች ሰፈሩ፤ እነሱም ብዙ ልጅ ያላቸው ወጣት ጥንዶች ነበሩ።

ጋዜጦችና ሰባኪዎች ከዚህ ፈጣን መደምደሚያ አወጡ፦ ድሃው ይራባል፣ የተማረው ይመክናል። ሰንጠረዡ ውስጥ ግን ወጥመድ ነበረ። የልደትና የጋብቻ ምጣኔ የሚሰላው ከሺህ ነዋሪ ነው። የኬንሲንግተንና የሃምስቴድ ነዋሪ ስንል ደግሞ በየቤቱ ጓዳ የሚያድሩትን የቤት ሠራተኞች ሁሉ ይጨምራል። እነዚህ ከ15 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው፣ አሠሪዎቻቸው እንዲያገቡ የማይፈቅዱላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሕዝቡን ያበዛሉ፤ ልጅ ግን አይወልዱም፤ ሠርጋቸውንም ሥራውን ትተው ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ ያደርጉታል። በአንጻሩ የቤትናል ግሪን ሴት ልጅ የሰው ቤት ሠራተኛ መሆን አትፈልግም። ፋብሪካ ወይም ቤቷ ውስጥ ሠርታ፣ ምሽቷን በገዛ ሰፈሯ ጎዳና ታሳልፋለች፤ የሰፈሯን ልጅ ትተዋወቃለች፤ በ20 እና በ21 ዓመቷ ታገባለች። አንዱ ወረዳ በላጤ ሴቶች ተሞልቶ፣ ሌላው በወጣት ሚስቶች ተሞልቶ ሁለቱን ከሺህ ሰው ማነጻጸር እውነተኛውን ልዩነት አጋኖ ያሳያል። የተሻለው ስሌት ልደትን ከ15 እስከ 45 ዓመት ባሉት ያገቡ ሴቶች ቁጥር ማካፈል ነው። ልዩነቱ በዚህም አልጠፋም፤ ግን ጠበበ።

የወንዱ ሒሳብም ከምዕራቡ ይለያል። ጠበቃ ወይም ሐኪም ሙሉ ደመወዙን የሚያገኘው ከ30 ዓመቱ በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ይጠብቃል። የእንጨት ሠራተኛ ወይም ጫኝ ግን በ20 ዓመቱ የሚያገኘውን በ40 ዓመቱም አይበልጠውም፤ ጉልበቱም ይደክማል። መጠበቅ ለእሱ ምን ይጨምርለታል?

በ1889 ቻርልስ ቡዝ ስለ ለንደን ኑሮ ጥናቱን ማውጣት ጀመረ። ከቤትናል ግሪን ነዋሪ 45 በመቶ ያህሉ ከድህነት መስመር በታች እንደሚኖር አገኘ፤ ይህም ከምሥራቅ ለንደን ወረዳዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ከወረዳው ሰፈሮች መካከል በጣም የተናቀው ኦልድ ኒኮል የሚባለው ነበር። እዚያ የሞት ምጣኔ ከሺህ 40 ያህል ሲሆን ይህ ከወረዳው አማካይ እጥፍ ገደማ ነው፤ ከሺህ ሕፃናትም 250 ያህሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1896 ደራሲው አርተር ሞሪሰን ሰፈሩን «ጄጎ» ብሎ በልብ ወለድ አስፍሮታል። የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት ጎስቋላዎቹን ቤቶች አፍርሶ በቦታው ባውንደሪ የተባለውን የመኖሪያ ሰፈር ሠራ፤ የዌልሱ ልዑል በ1900 መረቀው። የተፈናቀሉት 5,719 ሰዎች ነበሩ። የአዲሶቹ ቤቶች ኪራይ ከአቅማቸው በላይ ስለነበር ወደ ስፍራው የተመለሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቀሪዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው በአጎራባች ጎዳናዎች ተጨናንቀው ሰፈሩ፤ ከአንዱ ንዑስ ወረዳ መዝገብ ላይ የጠፋው ልደት በሌላው ላይ ተጻፈ።

ትዳር ቢፈርስ እንደገና ለመስተካከልም መንገዱ ጠባብ ነበር። በ1857 የወጣው ሕግ ፍቺን ከፓርላማ ወደ ፍርድ ቤት አወረደው፤ ወጪው ግን ለቤትናል ግሪን ሠራተኛ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ባሏ የጠፋባት ሴት ሌላ ወንድ ስታገኝ ያለ ወረቀት ትኖራለች፤ ልጆቿም በአባታቸው ስም ይጠራሉ። ጎረቤት እንደ ባልና ሚስት ይቀበላቸዋል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አባት በ1872 ሕግ መሠረት በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ እንዲቆርጥ ይፈረድበት ነበር፤ ሰፈሩ ግን ከፍርድ ቤቱ ይቀድም ነበር። ልጅቷ አርግዛ ከሆነ ቤተሰብና ጎረቤት ወጣቱን ገፋፍተው ለሠርግ ያደርሱታል። ብዙ የበኩር ልጆች ከሠርጉ ጥቂት ወራት በኋላ የተወለዱት ለዚህ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃም ከጋብቻ ውጭ የሚወለዱት ሕፃናት በ1845 ከመቶ 7 የነበሩት በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ወደ 4 ወርደዋል።

ፍርዱ (1901–1911)

ቪክቶሪያ ስትሞት የእንግሊዝና ዌልስ የልደት ምጣኔ ከሺህ ወደ 28.5 ወርዶ ነበር። ገዢው መደብ ደነገጠ። በ1906 ዴቪድ ሄሮን የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቁ የካርል ፒርሰን ተማሪ የለንደንን ወረዳዎች የ1851ን ከ1901 ጋር አነጻጽሮ፣ ድህነትና ብዙ መውለድ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከነበረው ይበልጥ እንደተቆራኙ አሳየ። በ1907 ፌቢያን የተባለው የሶሻሊስቶች ማኅበር አባል ሲድኒ ዌብ ስለ ልደት መቀነስ ባወጣው ጽሑፍ ሃምስቴድን በአንድ በኩል፣ ምሥራቅ ለንደንን በሌላ በኩል አቁሞ የዘሩን ጥራት አስመልክቶ ሥጋቱን ገለጸ። ቤትናል ግሪን በነዚህ ሰዎች ዓይን የአገር አደጋ ሆነ።

መልሱን የሰጠው ያው መዝገብ ቤት ነው። በ1911 የተደረገው ቆጠራ ያገባችን ሴት ሁሉ ስንት ዓመት በትዳር እንደኖረች፣ ስንት ልጅ እንደወለደችና ስንቱ እንደሞተ ጠየቀ። ቲ. ኤች. ሲ. ስቲቨንሰን የተባለው የመዝገብ ቤቱ ሊቅ መልሶቹን በባል ሥራ አሰለፋቸው። የልጅ ቁጥር በሁሉም መደብ እየቀነሰ ነበር፤ በላይኛው ቀድሞ፣ በታችኛው ዘግይቶ። ከሠራተኞችም መካከል ሚስቶች በፋብሪካ የራሳቸውን ደመወዝ የሚያገኙባቸው የጨርቃ ጨርቅ ከተሞች ጥቂት ልጅ ይወልዱ ነበር፤ ወንድ ብቻ በሚሠራባቸው የድንጋይ ከሰል መንደሮች ልጅ ይበዛል። ለዘር የተሰጠው ፍርድ ከዚህ ሰንጠረዥ ጋር አይገጥምም። የሚገጥመው የሥራ፣ የደመወዝና የልጅ ሞት ሒሳብ ነው።

ከ1900 በኋላ የሕፃናት ሞት በእንግሊዝ ከተሞች በፍጥነት መውረድ ጀመረ። ልጅ የሚተርፍ፣ የሚማርና ወጪ የሚያስወጣ ሆነ። ቤትናል ግሪንም ተከተለ። በ1860ዎቹ ያገቡ እንግሊዛውያን በአማካይ ስድስት ልጅ ያህል ወልደው ነበር፤ በአዲሱ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥር ዓመት ያገቡት ሦስት ገደማ። ሚካኤል ያንግና ፒተር ዊልሞት በ1957 ስለ ቤትናል ግሪን ቤተሰብ የታወቀውን መጽሐፋቸውን ሲያወጡ፣ የሰፈሩ ሰው እንደ አያቶቹ መውለድ ካቆመ ቆይቶ ነበር። ሕዝቡ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው።

ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ነው። የቤትናል ግሪን ሰው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብሎ ሁሉን ለአጋጣሚ የተወ አልነበረም። ሠርጉን በገና ያደረገው የቀን ደመወዙን አስቦ ነው፤ ወደ ቀዩ ቤተ ክርስቲያን የሄደው ፔንሱን ቆጥሮ ነው፤ ብዙ የወለደው ልጅ በሚሞትበትና ልጅ በሚያመጣበት ዘመን ነው፤ ሁለቱም ሲቀሩ መውለድ ቀነሰ። የድሃን ሰፈር የልደትና የጋብቻ ቁጥር ይዞ ስለ ነዋሪው ምግባር የሚፈርድ ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሠርጉ ስንት ያስከፍላል? ልጁ በስንት ዓመቱ ይሠራል? ከወለዱትስ ስንቱ ያድጋል?